ያልታየው ነጥብ ዜሮ አይደለም

ልጆቼ፣ ደሴ ፊዚክስ ከምትማሩት አንዷ “በራዲዮ ቴሌስኮፕ በ5 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ ጎልቶ የታየ የሱፐርኖቫ ቅሪት (የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ) በ150 ሜጋኸርዝ ከጠፋ ከሰንጠረዤ ላውጣው?” ብላ ጠየቀች። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። በእኛ ጊዜ “አልታየም” የሚለው ረድፍ እንዲሁ ይታለፍ ነበር፤ ዋናው ወሬ ግን እዚያ ውስጥ ነበር።

ኤም 82 የተባለውን ጋላክሲ ውሰዱ። ርቀቱ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ከደሴ በስተሰሜን፣ ከአድማስ 31 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። መሐሉ ላይ ከዋክብት በገፍ ይወለዳሉ፤ ግዙፎቹም የአካባቢያቸውን ጋዝ ኤሌክትሮን ያስለቅቁታል። ይህ ጋዝ ከኋላው ካለው ቅሪት የሚመጣውን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ይውጣል። ጦሳን ጉም ሲሸፍነው ተራራው ሄደ የሚል የለም።

አስሉት። የጋዙ ሙቀት 10,000 ኬልቪን ይሁን፤ የኤሌክትሮን ጥግግቱ (በኩብ ሴንቲሜትር) በራሱ፣ ከዚያም በመንገዱ ርዝመት (በፓርሴክ) ተባዝቶ 100,000 ይምጣ። በ5 ጊጋኸርዝ የሚጎድል የለም ማለት ይቻላል። በ408 ሜጋኸርዝ አንድ አምስተኛው ይዋጣል። በ150 ሜጋኸርዝ የሚያልፈው 17 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የጠፋው ነጥብ ከፊቱ ያለውን ጋዝ ይመዝንላችኋል። የምስሉን ሁከት (ኖይዝ) መጠን ከጠርዙ ሳይሆን ነጥቡ ከጠፋበት ቦታ አጠገብ ለኩ፤ አምስት እጥፉን ለጠፋው ነጥብ ብርታት ጣሪያ አድርጋችሁ ጻፉ። የቅሪቱን የራሱን ቁልቁለት (ብርታቱ ከድግግሞሽ ጋር የሚለወጥበትን ልክ) መምጠጥ ከማይነካው ከፍተኛ ድግግሞሽ አግኙ፤ የመምጠጡ ጥልቀት በድግግሞሽ ኃይል −2.1 እንደሚለወጥ አስገቡና አዛምዱ።

የዛሬ ልጆች ኮድ ላይ እጃችሁ ፈጣን ነው፤ የሁለቱ ምስሎች ጥራት እኩል መሆኑን ግን ማን ያያል? በ150 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 2 ሜትር ነው፤ 0.4 የቅስት ሰከንድ ለመለየት አንቴናዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር መራራቅ አለባቸው። ሎፋር የተባለው የአውሮፓ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ይህን ችሎ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት በኤም 82 ውስጥ በ154 ሜጋኸርዝ 16 ነጥቦች ታይተዋል። በደበዘዘ ምስል የጋላክሲው የተሰራጨ ብርሃን ከነጥቡ ጋር ይደመራል፤ ተቀራራቢ አንቴናዎች በጎደሉት ምስል ደግሞ ይቀነሳል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የአንቴና ርቀት ወሰን ካልተጠቀማችሁ በብርታትና ድግግሞሽ ኩርባው ላይ የሌለ ጉብጠት ታያላችሁ።

አዮኖስፌሩም (ነጻ ኤሌክትሮን የሞላበት የላይኛው ከባቢ አየር) አለ። የሚያደርሰው የፌዝ (የሞገዱ እርከን) መዛባት በ150 ሜጋኸርዝ ከ5 ጊጋኸርዝ 33 እጥፍ ነው። ማስተካከያ ምንጩ (ለእርማት የምትመለከቱት የታወቀ ምንጭ) በሰማይ ላይ ለኤም 82 ቅርብ ይሁን፤ እርማቱም በአጭር በአጭር ጊዜ ይከፋፈል። የእኛ ሰማይ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታመሳል። ወሎ ተራሮች ላይ ዝቅተኛ ድግግሞሽ አንቴና ለመትከል የምታልሙትን ለጋላክሲ አልመክራችሁም። ለአዮኖስፌር ጥናት ከሆነ ግን ነገ ትከሉ።

በመጨረሻ፣ የተለያየ ዓመት ልኬት ስትቀላቅሉ ተጠንቀቁ። በኤም 82 ውስጥ 41.95+57.5 የተባለው ምንጭ ለረጅም ጊዜ በየዓመቱ ከ8 በመቶ በላይ ሲደክም ተመዝግቧል፤ በስምንት ዓመት ግማሹ ይሄዳል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምልከታው የተደረገበትን ቀን ጻፉ።