«ውልሽ ፍርድ ቤት አያስኬድሽም» ተባልኩ

ጤና ይስጥልኝ፣

የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። በአንድ የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 9,000 ብር ነበር። በኅዳር ጽዮን ማግስት፣ ኅዳር 22፣ የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ። ፉርሽካ ጎድሏል፣ እምነት አጉድለሻል ይላል። ቆጠራው ሲደረግ እኔ አልተጠራሁም። ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር ደርሶኝ አያውቅም።

እከሳለሁ ስል የሰው ኃይል ኃላፊው ውሌን አውጥቶ አንድ አንቀጽ አሳየኝ። «ከዚህ ውል የሚነሳ ማንኛውም ክርክር ድርጅቱ በሚሰይመው የግልግል ዳኛ አዲስ አበባ ላይ ይታያል፤ ወጪውን ሁለቱም ወገኖች እኩል ይከፍላሉ» ይላል። ፊርማው የኔ ነው። ስቀጠር ግን ማንም አላስረዳኝም፤ ሥራ ያገኘ ሰው ደግሞ ገጽ እያገላበጠ አይጠይቅም። «ፍርድ ቤት ብትሄጂ መዝገቡ ይዘጋብሻል» አለኝ።

አባቴ በክስ አያምንም። ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌዎቹም ባለቤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመለስ ጠብቂ ይሉኛል። ይኸው ጥምቀትም አለፈ። እውነት ያ አንቀጽ ያስረኛል? ሽማግሌዎቹን ትቼ ብከስስ ነውር አይሆንብኝም?

ከደብረ ማርቆስ

---

እህቴ፣

መጀመሪያ ቀን እንቁጠር፤ ከውሉ በላይ የሚያስፈራኝ ቀኑ ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ጥያቄ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይልሽም። የአንቺ ሦስት ወር የካቲት 22 ያበቃል። ካልተከፈለ ደመወዝና ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያ የሚጠየቀው በስድስት ወር ውስጥ ነው። የሽማግሌ ምልልስ ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቆመው ክስ ማቅረብሽ ነው፤ ወይም አሠሪሽ ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ። በቃል የተባለ «እሺ፣ እናያለን» ምንም አያደርግልሽም።

አሁን ወደ አንቀጹ። የግልግል ዳኝነት በሥራ ክርክር ክልክል ነው ብዬ አላጽናናሽም። አዋጁ ራሱ ተከራካሪዎች ተስማምተው ጉዳያቸውን በመረጡት የግልግል ዳኛ እንዲያስጨርሱ ይፈቅዳል። የግልግል አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም በግልግል አይዳኙም ብሎ ከዘረዘራቸው ጉዳዮች መካከል፣ ለምሳሌ ፍቺ፣ ግብርና መሬት፣ የሥራ ክርክርን በስም አልጠቀሰም። ስለዚህ «የሥራ ጉዳይ ስለሆነ አንቀጹ ዋጋ የለውም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያሻግርሽም።

ያንቺን አንቀጽ ደካማ የሚያደርገው ዳኛው የሚመረጥበት መንገድ ነው። ግልግል ግልግል የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች በዳኛው ምርጫ እኩል ድምፅ ሲኖራቸው ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ዳኛ በመሰየም አንዱን ወገን የሚያስበልጥ የግልግል ስምምነትን አያጸናም ነበር። አዲሱም አዋጅ የተከራካሪዎችን እኩልነት መነሻው አድርጎታል። ተከራካሪም ዳኛ ሰያሚም አሠሪው ሆኖ ሲያበቃ ይህን ፍትሕ ብሎ የሚቀበል ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። በዚያ ላይ የሥራ ውል ሕጉ ከሰጠሽ ጥቅም ያነሰ ነገር ሊያስፈርምሽ አይችልም። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ሥራ ያጣችን ሴት አዲስ አበባ ድረስ ጠርቶ የግልግል ዳኛ ደመወዝ ግማሹን ክፈይ ማለት ያንን መብት መንጠቅ ነው። ይህንን ለዳኛው ልክ እንዲህ አድርገሽ ንገሪው።

ኃላፊው «መዝገቡ ይዘጋል» ሲል ውሳኔውን የሱ አስመስሎታል። አይደለም። አሠሪው የግልግል አንቀጹን እንደ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ ማንሳት አለበት። አንቺ መልስ ትሰጫለሽ፤ ከዚያ ፍርድ ቤቱ አንቀጹ የሚጸና መሆን አለመሆኑን ይወስናል። ወደ ግልግል ሂጂ ቢልሽም ብይኑን በጽሑፍ ውሰጂ፤ ሳትውዪ ሳታድሪ የዳኛ አሰያየሙ በሁለታችሁም ስምምነት እንዲሆን ለድርጅቱ በደብዳቤ ጠይቂ። ቅጂው እጅሽ ይቅር።

ክሱ የሚቀርበው ለወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዛል። ማመልከቻ መጻፍ ከከበደሽ እዚያው ከተማሽ ያለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄደሽ ጠይቂ። ውሉን፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ማስረጃሽን ያዢ።

ምን ልጠይቅ ካልሽኝ፣ በመጀመሪያ ወደ ሥራሽ መመለስና ውዝፍ ደመወዝ። ያ ካልሆነ በአማራጭ ካሳና ክፍያ። በ9,000 ብር ደመወዝ የቀን ሂሳብሽ 300 ብር ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ፣ 54,000 ብር ነው። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ አንድ ዓመት አልፎሽ ዘጠኝ ዓመት ስላልሞላሽ የሁለት ወር፣ 18,000። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ በድምሩ 80 ቀን፣ 24,000። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለም ይታሰባል። ይህን ሁሉ ጽፈሽ ካልጠየቅሽ ዳኛው ከራሱ አንስቶ አይሰጥሽም። ስለ ፉርሽካው ደግሞ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። አንቺ በሌለሽበት የተደረገውን ቆጠራ ሰነድ እንዲያቀርብ አስጠይቂ። ጉድለቱን መቼ እንዳወቀም ይጠየቅ፤ ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ቀርቶበታል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ውልሽ ላይ «የመጋዘን ኃላፊ» የሚል መጠሪያ ካለ፣ የሥራ መሪ ናት፣ አዋጁ አይመለከታትም ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። የሥራ መሪ የሚያሰኘው ሰው የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ የመሳሰለውም ሥልጣን ነው። አንቺ ዕቃ ስታስገቢና ስታስወጪ እንደነበር በሰነድም በምስክርም አሳዪ።

ስለ አባትሽና ስለ ሽማግሌዎቹ፤ ነውር የለውም። «ክሱን ያስገባሁት ቀኑ እንዳያልፍብኝ ነው፤ እናንተ ቀጥሉ» በያቸው። ባለቤቱ ተመልሶ ከታረቃችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለችሎቱ ታቀርባላችሁ። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው ደግሞ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ባለቤቱ ቃሉን ቢያጥፍ እንኳ በአፈጻጸም ትጠይቂዋለሽ።