የአንጎል ነው ወይስ የአእምሮ?

ልጆቼ፣ ደሴ ውስጥ እኔ ዘንድ የሚመጡ ወጣቶች አሁን አሁን አንድ ጥያቄ ያበዛሉ። «ዶክተር፣ ሕመሜ የአንጎል ነው ወይስ የአእምሮ?» የአንጎል ነው ስላቸው እፎይ ይላሉ። የአእምሮ ነው ካልኳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። የሚያሳዝነኝ ይህ እፍረት ነው።

ሲከፋን «ሆዴ ባሰው» እንላለን። ስንደነግጥ «ልቤ ራደ»። «አንጎሌ አዘነ» የሚል ሰው ግን አልገጠመኝም። አንጎል አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ሥጋ ነው። አእምሮ ደግሞ ማሰቡ፣ መፍራቱ፣ መናፈቁ። ያ ሥጋ እንዴት ናፍቆት እንደሚሆን እስካሁን የፈታው የለም። ሐኪም ግን ያ እስኪፈታ አይጠብቅም፤ ሁለቱንም ይዞ ያክማል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከደላንታ መጡ። ይተክዛሉ፣ እንቅልፍ ያበዛሉ፣ ብርድ አይችሉም። ልጅ ሞቶባቸዋል፤ ሐዘን ነው ብዬ ለወራት የድብርት መድኃኒት ሰጠኋቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርጋ አንገታቸውን የዳሰሰችው ነርሷ ናት። እንቅርት ነበረባቸው። ደማቸው ሲመረመር አንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በጣም አንሷል። ሆርሞኑ ሲተካላቸው ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። እነዚያ ወራት ዛሬም ይቆጩኛል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተሠርቶ በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ታካሚዎቹ እጃቸውን ደጋግመው እንደሚታጠቡት ዓይነት፣ ሐሳብ እየመላለሰ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ናቸው። ገሚሶቹ መድኃኒት ወሰዱ። ገሚሶቹ ያለ መድኃኒት፣ በባህሪ ሕክምና ልምምድ ብቻ ታከሙ። የተሻላቸው ሰዎች አንጎል በምስል ሲታይ፣ በሁለቱም ወገን ያው አንድ ውስጠኛ ክፍል ሥራው ቀንሷል። ልምምድ አንጎልን ነካ ማለት ነው። ስለዚህ «ምክር ምን ያደርጋል?» አትበሉኝ።

ጠበል የሚሄደውን፣ ዱዓ የሚያስደርገውን አልከለክልም። ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ሰው እንደሚቀለው አይቻለሁ። መድኃኒቱን ግን ሳትነግሩኝ አታቋርጡ።

ስትመጡም እንቅልፋችሁን፣ ምግባችሁን፣ የቆየ ሕመማችሁን ንገሩኝ። የሞተባችሁንና የተለያችሁትን ሰውም አትደብቁኝ።