መልስ፦ ሥራ ላይ የሚያቋርጡኝን ባልደረቦች ምን ላድርጋቸው?

«አንዴ ላስቸግርህ» እያሉ ቀኑን ሙሉ እንደሚያቋርጡህ፣ ፊት መንሳት ደግሞ እንደከበደህ ጽፈሃል። ሂሳብ በምዘጋበት ሰሞን እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንዱን ዓምድ ደምሬ ልጨርስ ስል ትከሻዬን ነካ የሚያደርገኝ አይጠፋም። የሱ ጥያቄ 2 ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን የት እንደደረስኩ ጠፍቶኝ እንደገና ከላይ!

የጠቀመኝ ቀላል ነገር ነው። ሰው ሲመጣ ቀና ከማለቴ በፊት ቀጥዬ የምሠራውን በሦስት ቃል ብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ስመለስ ከዚያው እቀጥላለሁ። ደግሞ ስጽፍ ያየ ሰው (ይህን አስቤው እንኳ አልነበረም) አንዳንዴ «ይቅር፣ በኋላ» ብሎ ይሄዳል።

ካልሄደ «ይህን ልጨርስና 4፡30 ላይ እኔው እመጣለሁ» በለው። ሰዓቱን ጥራ፤ «ቆይ በኋላ» ብቻ ካልከው 10 ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይቆምብሃል። ያልከው ሰዓት ሲደርስ ታዲያ የምርህን ሂድ፣ አለዚያ ሁለተኛ አያምንህም።

የጆሮ ማዳመጫ አድርግ የሚሉህ ይኖራሉ። እኔ ሳደርግ ጠረጴዛዬን ማንኳኳት ጀመሩ።

የሚያቋርጥህ አለቃህ ከሆነ ግን አትከራከር፤ የያዝከውን አሳይተህ «የቱን ላስቀድም?» በለው።