ቡትሎደር ይጭናል ወይስ ያስነሳል?

ጥያቄ፦ ለአርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የምትታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ጀማሪዎች መመሪያ እየጻፍኩ፣ ስለ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ቦርዱ ሪሴት ሲደረግ (እንደ አዲስ ሲጀምር) ቀድማ ስለምትሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ «ቦርዱ ሪሴት በተደረገ ቁጥር ቡትሎደሩ ፕሮግራሙን ይጭነዋል» አልኩ፣ ጓደኛዬ ደሞ «ያስነሳዋል በል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛህ ነው ልክ። ይሄ «ጫነ» ያለቦታው ሲገባ ደሜ ይፈላልና ትንሽ ታገሰኝ።

ግሱ ከግዕዙ ጸዐነ ነው፣ ጸ ጨ ሆና ዐ ስትዋጥ ራብዕ ጫን ትታልን ሄደች፤ ጭነት፣ መጫኛ (ጠፍሩን ማለቴ ነው)፣ ጫኝ ሁሉም የሱ ልጆች ናቸው። ጣጣው ተሳቢው ላይ ነው፦ «አህያውን ጫነው» ትላለህ፣ «ጤፉን ጫነው»ም ትላለህ፣ አንዱ ተሸካሚ አንዱ ሸክም። «ቺፑን ጫንኩት» ያለህ ሰው ምን እንዳደረገ እንግዲህ ገምት። ቢያንስ «ኮዱን ጫንኩበት» በል።

«ሎድ ማለት መጫን ነው፣ ሌላውን አውዱ ይገልጸዋል» የሚሉ አሉ። አይገልጸውም! የኡኖው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ኮድ የሚያስኬደው እዛው ፍላሹ (መብራት ሲጠፋም የማይረሳው ማከማቻ) ውስጥ እንዳለ ነው፣ ከራም (መብራት ሲጠፋ ከሚረሳው ጊዜያዊ ማከማቻ) ማስኬድ ጭራሽ አይችልም። ኦፕቲቡት የሚባለው የኡኖ ቡትሎደር ከ32 ኪሎባይቱ ፍላሽ የመጨረሻዋን 512 ባይት ይዞ ይቀመጣል፣ የሪሴት በተኗን ስትነካ በሲሪያል (ከኮምፒውተሩ በገመድ) የሚመጣ አዲስ ኮድ ካለ ተቀብሎ ፍላሹ ላይ ይጽፈዋል፣ እሱን መጫን በለው እሺ፣ ከሌለ ግን አንዲት ባይት ሳይሸከም ዜሮ አድራሻ ላይ ላለው ፕሮግራም አስረክቦ ይወጣል። ምኑን ጫነው ታዲያ? ከራም ማስኬድ በሚችል ኮርቴክስ ኤም ቺፕ ላይ ሞጁሉን (የፕሮግራም ቁራጩን) ወደ ራም ገልብጦ፣ አድራሻዎቹን አስተካክሎ የሚያስኬድ ሲስተም ከሠራህ ያኔ «ጫነ» አይከፋኝም፣ ሸክም አለዋ።

«አስነሳ» ከነሥአ ነው፣ ግዕዙ «ወሰደ» ማለት ነበር፣ ተንሥአ ሲሆን ብድግ አለ፣ ትንሣኤም ከዛው ነው፣ «እንቅልፍ ነሳኝ»ም እንደዛው፤ መኪና የምናስነሳበት ግስ ስለሆነ ለቡት (ለማሽን መነሳት) ከሱ የተሻለ አይታየኝም። ቡትሎደርን «አስነሺ ጫኝ» ብሎ መተርጎም ግን ይቅርብን፣ አዲስ አበባ ላይ ጫኝ ስትል ተከትሎ የሚመጣው አውራጅ ነው።

ቺፕ ላይ ኮድ ሲጻፍ የሚባለውን «ፍላሽ አደረግኩት»ን እስካሁን አልወደውም፣ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፣ ግን ሞባይል ጠጋኙ ሁሉ የሚለው እሱን ነው፣ የሚያናድደው ደሞ ከ«ጫነ» ይልቅ ግልጽ መሆኑ። መመሪያህ ውስጥ ካየሁት ዝም እላለሁ።