ጋዝ ተለቆ ሞተሩ አልወርድ ሲል

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ድሮ ቨርጂኒያ ሳለሁ ሞቶክሮስ የምወዳደርበት የ2005 ያማሃ ዋይዜድ 250 ሞተር ሳይክል ጋራዥ ውስጥ 12 ዓመት ቆሟል። ከ40 ዓመት በላይ ባሉት ምድብ ልመለስ አስቤ አዲስ ቤንዚን ሞላሁበትና በሦስተኛው እርግጫ ተነሣ። ግን መሪው ላይ ያለውን ጋዝ መስጫ ስለቅ የሞተሩ ዙር ቶሎ አይወርድም፤ ለጥቂት ሰከንድ እየጮኸ ይቆያል። ስላልሞቀ ነው?

መልስ፦ ስላልሞቀ አይደለም። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ደግመው አያስነሡት።

መጀመሪያ ቀላሉን ያጣሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ይልቀቁት። መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞሮ ሳለ እንዲሁ ያድርጉ። በሁሉም በኩል ጠቅ ብሎ ከተመለሰ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም። እንግዲያው ሞተሩ የሚጮኸው አየር በዝቶበት፣ ቤንዚን አንሶት ነው።

የእርስዎን ነገር የሚያከብደው ቦታው ነው። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) የተስተካከለው ለቨርጂኒያ ቆላ ከሆነ፣ አየሩ 15 በመቶ ያህል በሚሳሳበት አውሮራ ላይ ቤንዚን ሊበዛበት፣ ሊያጨስና ካንዴላ (እሳት የሚፈነጥቀውን) ሊያጠቁር ይገባ ነበር። እርሱ ግን ቤንዚን አንሶታል። ስለዚህ ወይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ወይ የቤንዚን መንገድ ተደፍኗል፤ ያውም በጥቂቱ አይደለም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ፒስቶኑ ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ባነሰ ቁጥር ዘይትም ያንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ሜዳ ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ፒስቶኑ ይነክሳል፤ ማለትም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ዘይት ያበዛል፤ ይህ ደግሞ በጂግለሩ (ቤንዚን በሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን) የሚያልፈውን ቤንዚን ስለሚቀንስ ነገሩን ያባብሳል። 30 ለ 1 ይበቃል፤ ለአንድ ጋሎን 126 ሚሊ ሊትር ዘይት።

ከካርቡራተሩ ይጀምሩ። ጥፋቱ የሚታየው ጋዙ ሲዘጋ ስለሆነ የሚጠረጠረው የሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ትንሹ ጂግለር ነው። የቆየ ቤንዚን ሲደርቅ እንደ ቫርኒሽ ሆኖ ቀዳዳውን ያጠባል። በሽቦ አይጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ይሰፋል። እኔ ብሆን ባጸዳውም አላምነውም፣ በአዲስ እቀይረዋለሁ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ታንከሩንና የቤንዚን መክፈቻውን ወንፊትም አብረው ይጠቡ።

ከዚያ ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ጎማ አውልቀው በእጅዎ አጥፈው ይዩት። ከ12 ዓመት በኋላ ከሥሩ መሰንጠቁ የተለመደ ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ የኮሎው (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) የግራ ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይትና አየር የሚያግደው የጎማ ቀለበት ቀርቷል፤ ከቮላኖው (ከዘንጉ ጫፍ ካለው ከባድ ጎማ) ጀርባ ያለው ማለቴ ነው። ሲቆም ከንፈሩ ይደርቅና አየር ይስባል። የቀኙ ቢሆን የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ይስብ ነበር፤ ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ዘይቱም ይጎድላል። እርግጠኛ ለመሆን የካርቡራተሩንና የማርሚታውን (የጭስ ቱቦውን) በር ደፍነው በ0.4 ባር አየር ይሙሉት። ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ እየወረደ ከሄደ በሳሙና ውኃ ቀዳዳውን ይፈልጉ። የግራው ፓራኦሊዮ ካርተሩ (የሞተሩ የታች አካል) ሳይከፈት ይቀየራል። ቮላኖው ግን በማውጫው እንጂ በመዶሻ አይነቀልም። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ከንፈሩን ግሪስ ይቀቡት፤ ደረቁን ከገባ በመጀመሪያው ዙር ይቃጠላል።

ማርሚታው ከወለቀ አይቀር በጭስ መውጫው በኩል ፒስቶኑን በባትሪ ይዩት። ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ካለ ሲሊንደሩ ይነሣ።

አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሲደፈን ሞተሩ ወዲያው ተቃራኒውን ያሳያል፤ ቤንዚን ይበዛበትና ይንተባተባል። አይደንግጡ፣ የከፍታው ነገር ነው። ዋናውን ጂግለር ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ያውርዱ፣ የካርቡራተሩን መርፌ ክሊፕ አንድ እርከን ከፍ ያድርጉ። ሌክዉድ ያለው የሞቶክሮስ ሜዳ፣ ተንደር ቫሊ፣ ከአውሮራም ከፍ ስለሚል ማስተካከያውን ቤት ሳይሆን ሜዳው ላይ ይጨርሱት፤ ካንዴላው የቡና መልክ እስኪይዝ። መቼም ጂግለር የሚወርደው የአየሩ ቀዳዳ ከተደፈነ በኋላ ብቻ ነው።

የፍሬን ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይትና የራዲያተር ውኃ ሳይጠየቅ ይቀየር። የድሮው ሄልሜት ይጣል፤ ውስጡ ያለው ፎም ያረጃል።

የቀረው የኋላ ሞላ ነው፤ የሚመለሱ ሰዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። ሞተሩ ባይለወጥ ክብደትዎ ተለውጧል። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ከጎማው መሽከርከሪያ ዘንግ እስከ ጭቃ መከለያው ያለውን ይለኩ። ተቀምጠውበት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲወርድ ሞላውን ያጥብቁ፤ ከዚያ ወርደው ሞተር ሳይክሉ ብቻውን ስንት እንደሚወርድ ይለኩ። ከ25 በታች ከሆነ ሞላው ለክብደትዎ ልል ነው። ብዙዎች ጠጣር መስሏቸው ይበልጥ ልል ይገዛሉ። ሲለኩም ከነሄልሜትዎ፣ ከነቡትዎ ይሁን።