ኢንጂነር ሳልሆን ኢነርጂ ዘርፍ ልምምድ አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ «ስድስት ኪሎ ሶሲዮሎጂ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቀበና በቀበሌ ቤት ከቤተሰቦቼ ጋር እኖራለሁ። በግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። በቅርቡ የአሜሪካ መንግሥት ንጹህ ኢነርጂ ለተጎዱ ማኅበረሰቦች በፍትሐዊነት እንዲዳረስ በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ተማሪዎችን ለልምምድ ይወስድ እንደነበር አነበብኩ። እዚህም እንዲህ ያለ ቦታ ባገኝ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ ግን ‹የሚፈልጉት ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ነው፣ ያለ ሰው ደግሞ አይገባም› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የአሜሪካውን ነገር እንጨርሰው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የልምምድ ቦታዎች በአብዛኛው ለራሱ ዜጎች ናቸው። ያነበብሽው ምናልባት ጀስቲስ 40 ከሚባለው ፖሊሲ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ባይደን በትእዛዝ ያወጡት ነው። ከአየር ንብረትና ከንጹህ ኢነርጂ ወጪዎች ጥቅም 40 በመቶው ለተጎዱ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ግብ ያስቀምጥ ነበር። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን ሰረዙት። ስለዚህ እሱን አትጠብቂ። መብራቱ ሲመጣ ማን ያገኛል፣ ማንስ ስንት ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ግን የእኛም ነው።

ኢንጂነር ብቻ ነው የሚፈለገው የሚለውን አልቀበልም። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ከግድቡ እስከ ሰው ጓዳ ያለው መንገድ ግን በሽቦና በትራንስፎርመር ብቻ አያልቅም። የማስገቢያ ክፍያ አለ፣ የቤት ካርታና የኪራይ ውል ጣጣ አለ፣ ታሪፍ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 65 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከሶላርና ከመሳሰሉት ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ጊዜው አለፈ፤ ዛሬም ሚሊዮኖች መብራት የላቸውም። ለምን እንደሆነ ሰው ቤት ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ የአንቺ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ቆጣሪያችሁ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ አንቺ ግን በአንድ መስመር አልፈሽዋል።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ፍጆታው ከፍ ሲል የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ከፍ ይላል። አነስተኛው እርከን የታሰበው ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ነው። እናንተ ግቢ አምስቱም ቤት 40፣ 40 ቢጠቀም እያንዳንዱ ለዝቅተኛው ዋጋ የሚበቃ ነው። ቆጣሪው ላይ የሚነበበው ግን 200 ነው። ቆጣሪው አምስት ቤት መሆናችሁን አያውቅም። እንደ አንድ ደህና ኑሮ እንዳለው ቤት ያስከፍላችኋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ድጎማው ያለው ለእንደናንተ ዓይነት ቤት ነው፣ ቆጣሪ ስለተጋራችሁ ብቻ ያመልጣችኋል።

ምጣዱን ጨምሪበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። በሳምንት ሦስት ሰዓት የምትጋግር እናት በምጣድ ብቻ በወር ከ40 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትጨርሳለች። ለዚህ ነው ብዙ ግቢ ውስጥ ቆጣሪው በስሙ የሆነ ሰው ተከራዩን «ምጣድ አትሰኪ» የሚለው። የተከለከለችው ሴት ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ትመለሳለች። እንጨቱን ደግሞ ከእንጦጦ በጀርባዋ ተሸክማ የምታወርደው ሌላ ሴት ናት። ንጹህ ኢነርጂና ፍትሐዊነት የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ላይ መልኩ ይሄ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት ሥራ ሥሪ። የስድስት ወር ቢል ሰብስቢ። ቤት ለቤት ጠይቂ፦ ሂሳቡ እንዴት ነው የሚካፈለው? በአምፖል ነው፣ በሰው ቁጥር ነው? አንዱ ሳይከፍል ሲቀርና መብራት ሲቆረጥ ማን ይጎዳል? ማን ይጋግራል፣ ማን እንጀራ ይገዛል? የጎረቤቶችሽን ስም አትጻፊ፣ ፈቃዳቸውንም ጠይቂ። ከዚያ በአንድ ገጽ አስቀምጪው፤ ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም።

ማመልከቻሽ «ለአየር ንብረት ለውጥ ከፍተኛ ፍላጎት ያለኝ» ብሎ አይጀምር። እንዲህ ዓይነት ብዙ አንብቤያለሁ፣ አንዱም አይታወሰኝም። በዚህ ጀምሪ፦ «የምኖርበት ግቢ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። የስድስት ወር ቢል ሰብስቤ የየቤቱን ድርሻ አስልቻለሁ። ቆጣሪ ከሚጋሩ ደንበኞች የሚመጡ አቤቱታዎችን በመለየት ላግዛችሁ እፈልጋለሁ።» ይህን ያነበበ ኃላፊ ምን እንደሚያሠራሽ ገብቶታል።

የት ልሂድ ካልሽኝ፣ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አለ። ታሪፍ የሚመረምረው ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ። እኔ ግን መጀመሪያ የምልክሽ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ወደ ሰፈርሽ የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ነው። ሰው ቢሉን ይዞ የሚመጣው እዚያ መስኮት ላይ ነው። ሚኒስቴር ስሙ ለሲቪ ያምራል፤ ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ግን መስኮቱ ይበልጣል።

እዚህ አገር ልምምድ በማስታወቂያ ብዙም አይወጣም። በሩ ከትምህርት ክፍልሽ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ለየትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ በስም ይጥቀስ፤ እንዲያው «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሆነ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል። መዝገብ ቤት ስታስገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ያዢ። በሳምንቱ ሄደሽ ጠይቂ። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው፣ ማንም አያናግርሽም። ለክረምቱ ከሆነ ከግንቦት አጋማሽ በፊት አስገቢ።

«ያለ ሰው አይገባም» ለሚለው፣ ሰው የሚያስገባበት ቦታ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ክፍያ ለሌለው ልምምድ ሽሚያው ያን ያህል አይደለም። እኔ ያየሁት ብዙ ቢሮ የሚቸገረው ተማሪው ገብቶ ምን እንደሚሠራ ስለማያውቅ ነው። ፎቶ ኮፒ እያነሳ የሚወጣውም ለዚህ ነው። እስከዚያ ኤክሴል ላይ እጅሽን አፍታቺ። በስልክ መጠይቅ የሚሞላበትን ኮቦንም ተማሪ፣ ብዙ ድርጅት ይጠቀምበታል።

ስለ ገንዘብም ላንሳ። ክፍያ እንደማይኖር አስበሽ ግቢ፤ የትራንስፖርት ግን ከመጀመሪያው ጠይቂ፣ ነውር የለውም። ከሌለ በሳምንት ሦስት ቀን ልምጣ በይ። ቀበና ላለሽ ልጅ በእግር የሚደረስ ማዕከል ካለ እሱን ምረጪ። ስትጨርሺም ምን እንደሠራሽ ዘርዝሮ የሚናገር፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሳትይዢ አትውጪ። አንድ ገጹን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት አብረን እናየዋለን።