ገዳዩ ጅብ ከሆነ በምን ይያዛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ወንድማችሁ ነኝ ከደሴ። ጦሳ ተራራ ስር ባለ ሰፈር የሚሆን የወንጀል ልቦለድ ጀምሬ ነበር፣ ገዳዩ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል፣ ጓደኞቼ ግን "እንዲህማ ከሆነ ማንም ሊሆን ይችላል" ብለው ሳቁብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳቁን ቢተውት ጥሩ ነበር እንጂ ልክ ናቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለመርማሪ ልቦለድ ህግ ሲያወጣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ነገር አይግባ ብሏል፣ እኔ ግን ይግባ ባይ ነኝ፣ ችግሩ ጅብ መሆን የሚችል ሰው ካለ የተቆለፈ በርም "ቤቴ ተኝቼ ነበር"ም ምንም አያረጋግጡም፣ አንባቢው እጅ ላይ የሚቀረው "ለምን ገደለ?" ብቻ ነው። ድግምት ደግሞ የውርስ ጠብን ወይ የሰኞ ገበያ ሱቅ እዳን አያጠፋም። እዳውን ገና መጀመሪያ ላይ ቡና ሲጠጣ በወሬ መሃል ጣል አድርጋት፣ ጅቡን ቆይተህ አምጣው። ብቻ "ቡዳ ስለሆነ ገደለ" እንዳትለኝ፣ እሱ ሐሜት ነው።